ኩልል ያለ ውኃ፣ የማይታይ አርሴኒክ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን በባንግላዴሽና በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ጉድጓዶች ውስጥ ስለሚገኘው የተፈጥሮ አርሴኒክ ስለተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ጽፈን ነበር። ፋብሪካ ያልደረሰበት ገጠር ነው፤ ከእጅ ፓምፑ የሚቀዳው ውኃ ኩልል ያለ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግን የጠጪዎቹ መዳፍ ይሻክራል፣ ቆዳቸው ይጠቋቁራል። ከጽሑፉ በኋላ የደረሱንን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ እንዲህ መልሰናል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼን አሸዋ ውኃ ያጣራል ብዬ ነው የማስተምረው። እናንተ ደግሞ ወንዙ ደህና ሆኖ ከዳሩ አሸዋ ውስጥ የሚወጣው ውኃ ይመርዛል አላችሁ። ፋብሪካ ከሌለ፣ ማዕድን ካልተቆፈረ አርሴኒኩ ከየት መጣ?
(የጂኦግራፊ መምህር፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህር፣ ያስተማሩት ስሕተት የለበትም። አሸዋ ድፍርሱንና አብዛኛውን ጀርም ይይዛል። የሟሟ ነገር ግን አይያዝለትም፤ ጨው የተበጠበጠበትን ውኃ በአሸዋ ቢያሳልፉት ጨዋማነቱ አይለቅም። እዚህ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አርሴኒኩን ይዞ የመጣው ራሱ አሸዋው ነው።

መነሻው ሂማላያ ነው። ጋንጀስና ብራህማፑትራ ከተራራ የሚያወርዱት ደለል፣ ቅንጣቱ ሁሉ በስሱ የብረት ዝገት የተለበጠ ነው፤ አርሴኒክ ደግሞ ዝገት ላይ ይለጠፋል። ወንዙ አየር እያገኘ እስከፈሰሰ ድረስ ዝገቱ እንደ ዝገት ይቆያል፣ አርሴኒኩም ከላዩ አይላቀቅም። የወንዙ ውኃ ብዙ አርሴኒክ የማይገኝበት ለዚህ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ደለሉ ሲቀበር ነው። ጎርፉ በየዓመቱ አዲስ ደለል ሲያለብስ ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ የረግረጉን ብስባሽ አብሮ ይቀብራል። ከሥር ያሉት ባክቴሪያዎች ብስባሹን ሲመገቡ በመጀመሪያ ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። እሱ ሲያልቅባቸው በኦክስጅን ፈንታ ዝገቱን ይጠቀማሉ። ያን ጊዜ ጠጣሩ ዝገት ወደሚሟሟ ብረት ይለወጣል፤ የተለጠፈበት ግድግዳ የፈረሰበት አርሴኒክም ውኃው ውስጥ ይገባል። ዴልታው፣ ማለትም ወንዞቹ ባሕር ሊገቡ ሲሉ ደለል የዘረጉበት ሜዳ፣ ጠፍጣፋ በመሆኑ የከርሰ ምድሩ ውኃ እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው፤ የተለቀቀውን ቶሎ አጥቦ የሚወስደው የለም።

ቀደም ሲል ሌላ ማብራሪያ ነበር፦ የመስኖ ፓምፖች የውኃውን ወለል ዝቅ ስላደረጉት አየር ገብቶ ፒራይት የተባለውን አርሴኒክ ያዘለ ማዕድን ስለሚያፈራርሰው ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ የወጡ ጥናቶች ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑን አሳይተዋል፤ አርሴኒኩን የሚለቀው የአየር መግባት ሳይሆን የአየር ማጣት ነው። ይህችን ነጥብ አጥብቀው ይያዙልን፤ ናሙና አወሳሰዱም፣ ማጣሪያውም፣ የዝቃጩ አጣጣልም በእሷ ነው የሚገዛው። በቬትናም ቀይ ወንዝና በካምቦዲያ የሜኮንግ ዳርቻ የሚታየውም ይኸው ነው።

ጥልቀቱስ? በቤንጋል አስቸጋሪው ድርብርብ በአብዛኛው ከ15 እስከ 50 ሜትር ገደማ ያለው፣ በጂኦሎጂ ዕድሜ ገና ልጅ የሆነው ግራጫ አሸዋ ነው። ከ150 ሜትር በታች ያለው አሮጌው ድርብርብ ባብዛኛው ደህና ነው። አሮጌ አሸዋ ዝገቱ ስላልፈረሰ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ይሆናል፤ የአገሩ ቆፋሪዎችም ከቧንቧው የሚወጣውን አሸዋ ቀለም እያዩ የት ላይ ማቆም እንዳለባቸው ይገምታሉ። ግምቱ መጥፎ አይደለም፤ ምርመራን ግን አይተካም። በእጅ የተቆፈረ፣ አፉ ክፍት የሆነ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድም አየር ስለሚያገኝ አርሴኒኩ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ነው፤ የእሱ ችግር ጀርም ነው።

ጥያቄ፦ ጉድጓዶቹን ያስቆፈሩት ረጂ ድርጅቶች ናቸው አላችሁ። ሳይመረምሩ ሕዝብ ማጠጣት እንዴት ይቻላል?
(አንባቢ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ዩኒሴፍና የባንግላዴሽ መንግሥት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእጅ ፓምፕ ማስፋፋት ሲጀምሩ ሕዝቡ የሚጠጣው ከኩሬና ከወንዝ ነበር፤ ሕፃናት በተቅማጥ ያልቁ ነበር። የጉድጓድ ውኃ የሚመረመረውም በዋናነት ለጀርም፣ ለብረትና ለጨው ነበር፤ አርሴኒክ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። በኋላም አብዛኛውን ጉድጓድ ያስቆፈሩት ቤተሰቦች በገዛ ገንዘባቸው ነው።

ለዚያ ዘመን ሰዎች ይህ ሰበብ ይሆናቸዋል። ከዚያ በኋላ ለመጣው መዘግየት ግን አይሆንም። በምዕራብ ቤንጋል ኬ. ሲ. ሳሃ የተባሉ የቆዳ ሐኪም ሕመሙን ከጉድጓድ ውኃ ጋር ያያያዙት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ድንበር ተሻግሮ ባንግላዴሽ ውስጥ የተረጋገጠው በ1993፣ አገር አቀፍ ጥናት የተደረገው ደግሞ ከ1998 እስከ 1999 ነው። የብሪታንያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከአገሩ የሕዝብ ጤና ምሕንድስና መሥሪያ ቤት ጋር ከ3,500 በላይ ጉድጓዶችን መርምሮ፣ ከ150 ሜትር በላይ ካልጠለቁት ውስጥ 27 በመቶዎቹ ከአገሩ ወሰን ከ50 ማይክሮግራም በሊትር አልፈው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን 10 ማይክሮግራም ነው፤ በእሱ ቢለካ ወደ ግማሽ ይጠጋሉ።

በሊትር 10 ማይክሮግራም ምን ያህል እንደሆነ ለጠየቃችሁን፦ 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ ውስጥ 0.1 ግራም ማለት ነው። ዓይንም ምላስም አፍንጫም አያገኘውም።

ጥያቄ፦ የመስክ መመርመሪያ ኪት አለን። ያው አንድ ጉድጓድ አንድ ቀን ቢጫ ያሳየናል፣ ሌላ ቀን ነጭ። የተበላሸው ኪቱ ነው ወይስ እኛ ነን?
(የውኃ ቴክኒሻን፣ መቂ)

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ በብዛት ግን ስሕተቱ ከአሠራር ነው። የኪቱ ሥራ ቀላል ነው። አሲድና የዚንክ ዱቄት ውኃው ውስጥ ሃይድሮጅን ያፈልቃሉ፤ አርሴኒክ ካለ ከሃይድሮጅኑ ጋር ተጣምሮ አርሲን የሚባል ጋዝ ይሆንና ክዳኑ ላይ ያለውን ሜርኩሪ ብሮማይድ የተቀባ ወረቀት ቢጫ፣ ሲበዛም ቡናማ ያደርገዋል። እንግዲህ ጋዙ የሚያመልጥበት ወይም የማይፈጠርበት ምክንያት ሁሉ የውሸት «ደህና ነው» ይሰጣችኋል።

ከጉድጓዱ ጀምሩ። ቧንቧው ውስጥ ያደረው ውኃ እንዲወጣ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ፓምፑን ምቱ። ናሙናውን መጠን በተጻፈበት ጠርሙስ በትክክል ለኩ፤ ብዙዎቹ ኪቶች 50 ሚሊ ሊትር ይፈልጋሉ፣ የእናንተ 100 ከሆነ በ100 ሥሩ። አሲዱን ጨምራችሁ አሟሙት። ኪቱ ሰልፋይድ የሚያጠፋ ዱቄት ካለው እሱን ጨምሩና የተባለውን ደቂቃ ጠብቁ፤ የገማ እንቁላል የሚሸት ውኃ ላይ ይህን መዝለል ወረቀቱን በሌላ ጋዝ ማቅለም ነው። አንዳንድ ኪት በዚህ ፈንታ ክዳኑ ውስጥ ሊድ አሲቴት የተነከረ ጥጥ አለው፤ ጥጡ ከጠቆረ ይቀየራል።

ዚንኩ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ልክ እንደገባም ጠርሙሱ ይከደናል። ከዚህ በፊት ወረቀቱን ክዳኑ ላይ አስገብታችሁ ጨርሱ፤ ዚንኩን ከጨመሩ በኋላ ወረቀት መፈለግ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፤ የመጀመሪያው ጋዝ በኖ ይሄዳል። አንቀጥቅጡት፣ ግን ውኃው ወረቀቱን አይንካው። እንደ ኪቱ ዓይነት ከ10 እስከ 30 ደቂቃ በሰዓት ቆጥራችሁ ወዲያው አንብቡ። ቀለሙን ከሠንጠረዡ ጋር የምታመሳክሩት ጥላ ውስጥ ነው፤ ወረቀቱ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ይለወጣል።

ነጭ ሲሆንባችሁ በመጀመሪያ የዚንኩን ዕቃ እዩ። እርጥበት የገባበት ዱቄት አረፋ አያወጣም፤ አረፋው ደካማ ከሆነ ምርመራው አልተካሄደም ማለት ነው እንጂ አርሴኒክ የለም ማለት አይደለም። አርሲን መርዛማ ጋዝ ስለሆነ ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፤ ወረቀቱም ሜርኩሪ ስላለው በመቆንጠጫ ያዙት፣ ለልጅ መጫወቻ አትጣሉት።

ኪት ወሰኑ አካባቢ ይሳሳታል። ግልጽ ነጭን ከጥቁር ቡናማ መለየት ላይ ጎበዝ ነው፤ 10ን ከ20 መለየት ላይ ግን አትመኑት። ስለዚህ ከዐሥር ጉድጓዶች ቢያንስ የአንዱን ናሙና፣ አጠራጣሪውን ደግሞ ሁሉንም፣ ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። እዚህም ወጥመድ አለ። ብረት ያለበት ውኃ አየር ሲያገኝ ዝገቱ ተመልሶ ይረጋል፣ አርሴኒኩንም ይዞት ይወርዳል። ጠርሙሱ መንገድ ላይ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ ላቦራቶሪው ከላይ ያለውን ጠራ ያለ ውኃ ብቻ ቢወስድ ውጤቱ በሐሰት ያነሰ ይሆናል። መፍትሔው ላቦራቶሪው ራሱ ንጹሕ ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት ጠርሙስ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ከ2 በታች ከሆነ ብረቱ አይረጋም። ጠርሙሱን አታለቅልቁት፤ አሲዱን ታፈሱታላችሁ።

ጥያቄ፦ እምሠራበት ቤት አብራኝ ያለች የባንግላዴሽ ልጅ መዳፏ ላይ ጠጣር እብጠቶች አሏት፣ ደረቷ ላይ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ። አገሯ ቤታቸው ያለው ፓምፕ ቀይ ቀለም ተቀብቷል አለችኝ። አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። ይጋባል ወይ?
(እህታችሁ፣ ከኩዌት)

መልስ፦ እኅታችን፣ አይጋባም። በመንካትም፣ በአልጋም፣ በዕቃም አይተላለፍም። በዚያ አገር በዚህ ፍርሃት ትዳር የፈረሰባቸውና ከትምህርት ቤት የተገለሉ ስላሉ እባክሽ አጠገቧ ሁኚ። ቀይ ቀለም «ከዚህ አትጠጡ» ማለት ነው፤ አረንጓዴ «ይጠጣል» ነው። የነገረችሽ ምልክትም የአርሴኒክ መመረዝ የታወቀ መልክ ነው፦ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ ጠጣር ነገር፣ ገላ ላይ ካፊያ የወረደበት የሚመስል ዝንጉርጉር። ሌላም ሕመም ሊመስል ስለሚችል ለቆዳ ሐኪም ትታይና ምን ውኃ ስትጠጣ እንዳደገች ትናገር፤ ይህን ካልተናገረች ሐኪሙ ላያስበው ይችላል።

ዋናው መድኃኒት ውኃውን መቀየር ነው፤ እሷ አሁን ሌላ ውኃ ስለምትጠጣ እሱ ሆኗል። አርሴኒክ በሽንት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል፤ ስለዚህ ዛሬ ሽንቷ ቢመረመር ንጹሕ ሊሆን ይችላል፣ ይህም ቀድሞ አልተመረዘችም ማለት አይደለም። ያለፉትን ወራት የሚያሳየው ጥፍርና ፀጉር ነው። የቆዳው ምልክት ቀላል ከሆነ በጊዜ እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል፤ ሻካራውን ዩሪያ ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው ቅባት ያለሰልሰዋል። «መርዙን ያወጣል» ተብሎ የሚሸጥ መርፌና ክኒን ለዓመታት ለተጠራቀመ ጉዳት ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ ደመወዟን አታፍስበት።

የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል የሚቆስል ወይም የሚያድግ እብጠት፣ በሽንት ውስጥ ደም ካየች አትቆይ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በቺሊ አንቶፋጋስታ ከተማ ሕዝቡ ከ1958 እስከ 1970 (እ.ኤ.አ.) ከፍተኛ አርሴኒክ ያለበት የወንዝ ውኃ ጠጥቶ፣ ማጣሪያ ከተተከለ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም የካንሰሩ ቁጥር ከፍ ብሎ ቆይቷል። ሲጋራ ደግሞ ያባብሰዋል። አገሯ ያሉት እናቶች ሕፃን የሚያጠቡ ከሆነ ጡት እንዳያቋርጡ ንገሪያት፤ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው አርሴኒክ ጥቂት ነው፤ በዚያው ውኃ የተበጠበጠ የቆርቆሮ ወተት ግን ውኃው ያለውን ሁሉ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ አፍልቶ መጠጣት ወይም ውኃ አጋር መጨመር አይበቃም?
(የቤት እመቤት፣ ደሴ)

መልስ፦ ለጀርም ይበቃል፣ ለአርሴኒክ አይረዳም። ሲፈላ የሚተነው ውኃው እንጂ አርሴኒኩ ስላልሆነ የቀረው እንዲያውም ይወፍራል። ክሎሪንም ብቻውን አያስወግደውም።

ጥያቄ፦ በምስማር የሚሠራ ማጣሪያ አለ ሲባል ሰማሁ። ይሠራል? እንዴት ነው የሚገነባው?
(የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ሐሳቡ ከመሬት በታች የሆነውን ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ አየር ስጡት፣ ዝገት ይፈጠር፣ አርሴኒኩ ዳግመኛ ይለጠፍበት። በቬትናም ቀይ ወንዝ ዴልታ ያሉ ገበሬዎች ብረት የበዛበትን ውኃ ለማጥራት ብለው በሠሩት ተራ የአሸዋ ገንዳ አርሴኒኩም በአማካይ 80 በመቶ ያህል ሲቀንስ ተገኝቷል፤ ውኃው የራሱን ዝገት ይዞ ስለሚመጣ ምንም አይጨመርበትም።

ውኃው ውስጥ በቂ ብረት ከሌለ ምስማር ይጨመራል። ኔፓል ውስጥ የተስፋፋው ካንቻን የተባለው ማጣሪያ ከታች ጠጠር፣ ከላዩ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ በተንጠለጠለ ሳህን ላይ 5 ኪሎ ያህል ምስማር፣ ምስማሩ ላይ ደግሞ የተሰባበረ ሸክላ ጡብ አለው። ጡቡ የሚፈሰው ውኃ ምስማሩን እንዳይገፋፋው ነው። ምስማሩ ዚንክ ያልተቀባ መሆን አለበት፤ የሚያብረቀርቀው የቆርቆሮ ምስማር አይዝግም፣ የማይዝግ ምስማር ደግሞ እዚህ ላይ ጥቅም የለውም። የመውጫ ቧንቧው አፍ ከአሸዋው ወለል በላይ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያበቃል፤ አሸዋው እንዳይደርቅ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሊትር ነው፤ ከዚያ በላይ ከሮጠ ውኃው ከዝገቱ ጋር በቂ ጊዜ አላገኘም።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። ምስማሩ ተጋግሮ ድንጋይ ይሆንና ውኃው በጎኑ ይሾልካል፤ አንሡት፣ ሰባብሩት፣ እምቢ ካለ ቀይሩት። አሸዋው ሲደፈን የላይኛውን አንድ ሁለት ሴንቲሜትር በእጅ አማስሉና ድፍርሱን ቅዱት። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ውኃው ውስጥ ፎስፌት ከበዛ ዝገቱ ላይ የአርሴኒኩን ቦታ ይይዛል፣ ማጣሪያው ጠራ ያለ ውኃ እየሰጠ አርሴኒኩን ያሳልፋል። በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ የገባውንም የወጣውንም ውኃ መመርመር የማይችል ሰው ይህን ማጣሪያ ባይሠራው እንመርጣለን።

ባንግላዴሽ ውስጥ የታወቀው ሶኖ ማጣሪያም በዚሁ በብረት የሚሠራ ነው፤ የፈጠሩት ፕሮፌሰር አቡል ሁሳም እ.ኤ.አ. በ2007 የግሬንጀር ሽልማት አግኝተውበታል። በተለይ አርሴናይት የሚባለው የአርሴኒክ ዓይነት በተራ ውኃ ውስጥ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለሌለው ማጣሪያ ላይ በደንብ አይያዝም፤ በክሎሪን ወይም ፐርማንጋኔት በተባለ ኬሚካል ሙል ወዳለው ዓይነት፣ ወደ አርሴኔት፣ ከተለወጠ በኋላ ይበልጥ ይያዛል። ክሎሪን ጥቅም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

ዝቃጩን ኩሬ ወይም ረግረግ ውስጥ አትጣሉ። አየር ሲያጣ አርሴኒኩን እንደገና ይለቃል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋስ? የስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ እንዳለው እናውቃለን፤ አርሴኒክም አለው እንዴ?
(አንባቢ፣ ዝዋይ)

መልስ፦ በስምጥ ሸለቆው አንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 ማይክሮግራም በላይ አርሴኒክ ተለክቷል። መንገዱ ግን የቤንጋሉ አይደለም። የእናንተ ውኃ የእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ አልፎ የመጣ፣ ሶዳማና ፒኤቹ ከፍ ያለ ነው፤ ፒኤቹ ከ8 ሲያልፍ አርሴኒክ አየር ባለበትም ከዝገቱ ይላቀቃል። ከፍሎራይድ ጋር አብሮ የሚታየውም ለዚህ ነው። ቤንጋል ላይ የሚያስጠረጥሩት የብረት ጣዕምና ግራጫ አሸዋ እዚህ ምልክት አይሆኑም፤ ውኃው ብረት ስለሚያንሰው ተራ የአሸዋ ማጣሪያም አይረዳም። የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ፍሎራይድን ይቀንሳል፤ አርሴኒኩን ግን ይቀንሳል ብላችሁ አትመኑበት። አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር የፍሎራይድ ምርመራ የሚያዝ ሰው አርሴኒክን በዚያው ቅጽ ላይ ይጨምር፤ ናሙናው ተወስዷል፣ መኪናው ተጉዟል፣ የሚጨመረው ወጪ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ሩዝስ? እኛ ጋ ሩዝ በእንጀራም ገብቷል።
(ገበሬ፣ ወረታ)

መልስ፦ ሩዝ ከሌሎች እህሎች ይልቅ አርሴኒክ ይሰበስባል፤ ምክንያቱ ማሳው በውኃ ተጥለቅልቆ አፈሩ አየር ስለሚያጣ ነው። ቤንጋል ላይ የሚከፋው በበጋ ከጉድጓድ በሚጠጣው ሩዝ ነው። በዝናብና በወንዝ ጎርፍ የሚበቅል ሩዝ የጉድጓዱ ጭነት የለበትም። ለጥንቃቄ ያህል፣ አንድ ኩባያ ሩዝ በስድስት ኩባያ ንጹሕ ውኃ ቀቅሎ የተረፈውን መድፋት አርሴኒኩን በጉልህ ይቀንሰዋል፤ ከፊሉን ቫይታሚንም ይወስዳል። ለእንጀራ ለሚፈጨው ይህ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቀይ የተቀባውን ፓምፕ ለምን አይነቅሉትም?
(አንባቢ፣ አዳማ)

መልስ፦ ለልብስ፣ ለገላና ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል፤ አርሴኒክ በቆዳ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ከነቀሉት ሰዉ ለማጠቢያ ወደ ኩሬ ይመለሳል። መጠጡን ደግሞ አብዛኛው ሰው ከጎረቤት አረንጓዴ ፓምፕ ነው የሚቀዳው፤ የአርሴኒኩ መጠን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ስለሚለያይ ቀይ ፓምፕ ካለበት ቤት በመቶ ሜትር ውስጥ ብዙ ጊዜ ደህና ጉድጓድ ይገኛል። ችግሩ ቀለሙ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ይለቃል፣ አዲስ ሙሽራ ወይም ተከራይ ሲመጣ የሚያውቅ የለም። ከ2000 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች ተመርምረው ተቀብተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተቆፈሩት ግን ብዙዎቹ ቀለም አልነካቸውም። የተሻለው ዘዴ ውጤቱን ከነቀኑ በብረት ሰሌዳ ላይ ቀርጾ ፓምፑ ግንድ ላይ ማሰርና አረንጓዴዎቹንም በየጥቂት ዓመቱ ዳግም መመርመር ነው። በአቅራቢያው ኃይለኛ ፓምፕ ከተተከለ ሳይጠብቁ ይመርምሩ፤ በቬትናሟ ሃኖይ ዳርቻ የከተማው ፓምፖች ያልተመረዘውን አሸዋ ውኃ ስለሳቡት በአሥርተ ዓመታት ውስጥ አርሴኒኩ ከመቶ ሜትር በላይ ወደ ጎን ተጉዞ ገብቶበታል።